የአሥራ ዘጠኝ ሰው ድመት

ጥቅምት 4

ዛሬ የተለየ ነገር የለም። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ማንጠባጠቡን አልተወም፤ ከሥሩ ባልዲ አስቀመጥኩለት። ጠዋት ወጥቼ ዳቦና ወተት ገዛሁ። ወተቱ ለሻይ ነው።

ስድስት ሰዓት ላይ የተለመደው ሆነ። ምድር ቤት ያለው ሰዓት ሠሪ ለጥገና የተቀበላቸው የግድግዳ ሰዓቶች መደወል ጀመሩ። አንዱም ከሌላው ጋር አይስማማም። አንዱ አምስት ደቂቃ ይቀድማል፣ ሌላው ስምንት ይዘገያል። ከእሱ በላይ፣ አንደኛ ፎቅ የሚኖሩት ሲስተር ውሻ አላቸው፣ ሻምበል የሚባል። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ለእያንዳንዱ ደወል መልስ ካልሰጠ አይተኛም። በዚህ ምክንያት በእኛ ሕንፃ ስድስት ሰዓት አሥራ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል።

ጠቡ አራት ዓመት ሆነው። ሲስተር «ሰዓቶችህን ዝም አሰኛቸው» አሉት። እሱ «እርስዎ መጀመሪያ ውሻዎን ዝም ያሰኙት» አላቸው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታም የላቸውም። ያኔ ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነኝ። «የሰዓትና የውሻ ጉዳይ፣ በይደር» ይላል። ይኸው እስካሁን በይደር ነው።

ጥቅምት 6

ሊቀመንበሩ ከማዘጋጃ ቤት የመጣ ወረቀት ይዘው አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ሲያሰማሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ የሚያሰማሩት ነገር ስላጡ የሕንፃችን ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆኑ። እኔ ጸሐፊ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ስለሠራሁ ሌላ እጩ አልቀረበም።

ወረቀቱ የውሻና የድመት ባለቤቶችን ግዴታ የሚዘረዝር አዲስ ደንብ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጥሩ ተጽፏል፤ ቁጥር አለው፣ ንዑስ ቁጥር አለው። ማንኛውም ውሻ ወይም ድመት ይመዘገባል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወስዳል። አንገቱ ላይ የባለቤቱ ስም ያለበት ሰሌዳ ያንጠለጥላል። ደጅ ሲወጣ ይታሰራል፤ መንገድ ላይ የጣለውን ባለቤቱ ያነሳል። ለአንድ ሰው ከአንድ እንስሳ በላይ አይፈቀድም። አንድን እንስሳ ሠላሳ ቀን ያበላ ሰው ባለቤቱ እሱ ነው። ባለቤት የሌለው ወደ ማቆያ ይወሰዳል... ከማቆያ ተመልሶ የመጣ አላየሁም።

ሊቀመንበሩ «ውሻ ያለን አንድ ነው፣ የሲስተር። እሱ ተመዝግቧል። የድመቷን ነገር ምን እናድርግ?» አሉኝ።

«የቷ ድመት?» አልኩ።

«እኔስ የት አውቄ» አሉ።

ሁለታችንም ወደ ታች አላየንም። እግራችን መሐል ቆማ ነበር።

ጥቅምት 9

ስብሰባ። ደረጃው ሥር፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ። እንደ ልማዴ ጠረጴዛዬን መግቢያው ላይ አድርጌ ማንንም ሳላስፈርም አላሳለፍኩም። ወረቀቱን ከቤት አዘጋጅቼው ነበር። ከላይ «የድመቷ ጉዳይ»፣ ከሥሩ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ፊርማ። ፊርማ የሌለው ስብሰባ ወሬ ነው። የመብራት ቆጣሪ የሚያነበውን ሰውዬ እንኳን ለሥራው ሲገባ አስፈረምኩት። «ጋሼ፣ እኔ እኮ እዚህ አልኖርም» አለኝ። መገኘት መገኘት ነው አልኩት። አሥራ ዘጠነኛ ሆኖ ፈረመ።

ድመቷን የሚያውቅ ሰው ጠፋ። የሦስተኛ ፎቋ ፀጉር ሠሪ ደጇ ላይ ሳህን የምታስቀምጠው ለወፍ ነው አለች። ሳህኑ ላይ ያየሁት የዓሣ ጭንቅላት ነበር። ሊቀመንበሩ ሥጋ የሚገዙት ለራሳቸው መሆኑን ማንም ሳይጠይቃቸው አስረዱ። ሰዓት ሠሪው ደግሞ ከጥግ ሆኖ «እኔ ድመት የምትባል አላውቅም። ውሻም ባላውቅ ደስ ይለኝ ነበር» አለ። ሲስተር ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ። የእኔ ተራ ሲደርስ ጸሐፊ አስተያየት አይሰጥም ብዬ አለፍኩ።

ይህ ሁሉ ሲባል ድመቷ ቃለ ጉባኤው ላይ ተኝታለች። በተኛችበት ዙሪያ እየዞርኩ ጻፍኩ።

ግን ማንም ማቆያ ትግባ አላለም። ውሳኔው እንዲህ ሆነ፦ «ድመቷ የማናችንም አይደለችም፤ ሆኖም እንዳትነካብን።» በሙሉ ድምፅ አለፈ።

ጥቅምት 10

ማመልከቻውን ማዘጋጃ ቤት አስገባሁ። ቅጹ ላይ «የባለቤት ስምና ፊርማ» የሚል ቦታ አለ። ባለቤት እንደሌላት ቃለ ጉባኤው ስለሚናገር «አባሪውን ይመልከቱ» ብዬ ጻፍኩበትና ወረቀቶቹን በቅደም ተከተል አያያዝኩ። ቅጽ፣ የስም ዝርዝር፣ ቃለ ጉባኤ። እንዲህ ያለ ንጹሕ ፋይል ዛሬ የሚሠራ የለም። ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ጥቅምት 20

ጉድ ነው።

አሥራ ዘጠኝ ፖስታ መጣ። በየፖስታው ውስጥ «የእንስሳ ባለቤትነት ማረጋገጫ» የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት። እንስሳ፦ ድመት፣ አንዲት። ባለቤት፦ እኔ። ሊቀመንበሩም። ፀጉር ሠሪዋም። ቆጣሪ አንባቢውም።

የስም መቆጣጠሪያውን የባለቤቶች ዝርዝር አድርገውታል። ለምን አያደርጉት? ከላይ «የድመቷ ጉዳይ» ይላል፤ ከሥሩ አሥራ ዘጠኝ ሰው ፈርሟል። ርዕሱን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው... ያውም በሁለት መስመር አስምሬበት።

ሊቀመንበሩ ግን ሳቁ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አሉ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ለሲስተር የመጣው ፖስታ ውስጥ ቢጫ ወረቀት ተጨምሮበታል።

ጥቅምት 21

ማዘጋጃ ቤት፣ መስኮት አራት። መዝጋቢዋ ልጅ ቢጤ ናት፤ ትሁት፣ እጅግ ትሁት። ያ ወረቀት የስብሰባ ስም መቆጣጠሪያ እንጂ የባለቤቶች ዝርዝር እንዳልሆነ አስረዳኋት። በጥሞና ሰማችኝ። ከዚያ «ጋሼ፣ መዝገብ የያዘውን ሰው አያፈርሰውም» አለችኝ።

ይቺን አባባል ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለባለጉዳይ ስናገራት ኖሬአለሁ። ከመስኮቱ ወዲህ ሆነው ሲሰሟት ሌላ ነገር ናት።

የቢጫው ወረቀት ነገር ይሄ ነው። ለአንድ ሰው አንድ እንስሳ። ሲስተር ውሻ አላቸው፤ አሁን የድመት የጋራ ባለቤት ሆነዋል። በሠላሳ ቀን ውስጥ አንዱን መተው አለባቸው። የሲስተር ድርሻ እኮ የድመት አንድ አሥራ ዘጠነኛ ነው፣ ጅራቷን እንኳን አይሞላም ብዬ ተከራከርኩ። ወረቀት አውጥታ አካፈለችው። ካልኩሌተርም ያዘች።

«አንድ ነጥብ ዜሮ አምስት እንስሳ ይሆናል» አለችኝ። «ደንቡ አንድ ነው የሚለው።»

እንግዲያው ድመቷን ይተዉ አልኳት። ይችላሉ፤ ነገር ግን ከጋራ ባለቤትነት ለመውጣት አሥራ ዘጠኙም ባለቤቶች በአንድ ቀን በአካል ቀርበው መፈረም አለባቸው። አንድ ሰው ከጎደለ አይሆንም። ውሻውን ለመተው ግን የእሳቸው ፊርማ ብቻ ይበቃል።

ስለዚህ በቀላሉ የሚሄደው ሻምበል ነው። ምንም ያላደረገው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ አይደል?

ጥቅምት 22

ለሲስተር መናገር ነበረብኝ። ደረጃውን ወርጄ ተመለስኩ። እንደገና ወረድኩ።

ሻምበል ደፉ ላይ ተኝቷል። መምጣቴን በጠረኔ አወቀና ጅራቱን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ መታ። አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ርዕሱን፣ አባሪውን፣ የእኔን ጥፋት። አንድም አላስቀረሁም።

እንዲቆጡ ነበር የፈለግሁት። አልተቆጡም። መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጠረጉና «አንተ እኮ ሁሉን ነገር በደንብ ነው የምትሠራው» አሉኝ። «ችግሩ እሱ ነው።»

ቆይተው ደግሞ «ማቆያ ቤት ደረጃ አለው?» ብለው ጠየቁኝ። ሻምበል የማያውቀው ደረጃ ላይ ይወድቃል። እዚህ እየቆጠሩለት ነው የሚወርደው... አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ። አላውቅም አልኳቸው። ቤቴ ገብቼ እራት አላሰኘኝም።

ጥቅምት 25

የአንገት ሰሌዳ። ደንቡ የባለቤቶቹ ስም ሁሉ ይቀረጽ ይላል። ቀራጩ ጋ ዝርዝሩን ወሰድኩለት። ድመቷ ስንት ኪሎ ናት አለኝ። ሦስት ይሆናል አልኩት። አሥራ ዘጠኙን ስም ከነአባት ከቀረጽኩት ሰሌዳው ከእሷ ይከብዳል፤ እሷን ሰሌዳው ላይ ብናስራት አይሻልም ወይ አለኝ። እየቀለደ መስሎኝ ነበር። አልቀለደም።

ጥቅምት 29

ፈራሚ ለማሰባሰብ አራት ቀን ደረጃ ስወጣ ስወርድ ሰነበትኩ። ጉልበቴ አለቀ። ሁሉም ለኅዳር 18 እሺ ብለዋል፤ ለሲስተር እንቢ የሚል ሰው የለም። ግማሹን ሕንፃ መርፌ የወጉት እሳቸው ናቸው። ቆጣሪ አንባቢውን ሦስት ሰፈር ዞሬ አገኘሁት። ሥራዬን አስፈቅጄ እመጣለሁ አለ። ደግሞ «ድመቷ ደህና ናት?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን አገባው?

አሥራ ስምንት ሆንን። የቀረው ሰዓት ሠሪው ነው።

ሱቁ በር ላይ ቆሜ ጉዳዩን አስረዳሁት። ከሥራው ቀና ሳይል ሰማኝ። «ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም» አለኝ። «ውሻው ይሂድ።»

ኅዳር 3

ሄድኩ። አይሆንም አለ።

ኅዳር 7

ዛሬ ወደ ውስጥ ገባሁ። ሱቁ ጠባብ ነው። ግድግዳው ሁሉ ሰዓት፣ ጠረጴዛው ሁሉ የሰዓት ጥርስና ሞላ፤ የሚቀመጡበት የለም። ጥግ ላይ ሰው የሚያህል የቆመ ሰዓት አለ። በሩ ተከፍቷል። ድመቷ ውስጡ ተኝታለች። ፔንዱለሙን አውጥቶ በቦታው ትራስ አስገብቶበታል።

አየሁ። አየሁት። ማየቴን አየ።

«አይጥ ትይዝልኛለች» አለ።

«ትራሱስ?»

«ትራሱ የሰዓቱ ነው።»

አልተከራከርኩም። ስለ ሻምበል አነሳሁ፤ ዕውር መሆኑን፣ ማርጀቱን፣ ደረጃ መፍራቱን። አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ እንዳደረገ «አሥራ አራት ነው» አለኝ።

«ምኑ?»

«ደረጃው። ከእሳቸው በር እስከ ታች አሥራ አራት ነው። ለውሻው ሲቆጥሩለት በየቀኑ አሥራ አምስት ይላሉ። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ይሳሳታሉ።»

በየቀኑ ያዳምጣቸዋል ማለት ነው። ታዲያ ለምን...? እንጃ። የሰው ሆድ መዝገብ አይደለም ገልጠህ አታነበው።

ኅዳር 12

ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ መጣ። ሲስተር እስከ ኅዳር 20 አንዱን እንስሳ ካልተዉ፣ በስማቸው ያለው ሁሉ ይነሳል። ውሻውም ድመቷም።

ይዤላቸው ወረድኩ። ሻምበልን ራሱ ላይ እየደባበሱ አነበቡት። «የትኛውንም አልሰጥም» አሉ። «መጥተው ሦስታችንንም ይጫኑን።» ሳቄ መጣና ዋጥኩት። ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ።

ኅዳር 13

ጠዋት ማስጠንቀቂያውን ይዤ ሰዓት ሠሪው ጋ ገባሁ። እንደ ቃለ ጉባኤ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። እየሠራ ነበር።

«ሁለቱንም?» አለኝ።

«ሁለቱንም።»

መፍቻውን አስቀመጠ። ከላይ ሻምበል ለዘገየው ሰዓት ይመልሳል። እኔም ቢጨንቀኝ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ለእሱም ተናዘዝኩ፤ ርዕሱ ላይ «የተገኙ ሰዎች» የሚል ሁለት ቃል ብጨምር ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር አልኩት። «ስትወጣ በሩን ዝጋው» አለኝ።

ወተቱን ሻይ ውስጥ ጨምሬው አላውቅም። ይህን ደብተር የማነበው እኔ ብቻ ነኝ፤ ማንን ነው የምዋሸው? ማታ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሬን ትቧጥጣለች። ከጡረታ ወዲህ ያለ ጉዳይ በሬን የሚነካ እሷ ብቻ ናት። ስም አውጥቼላታለሁ። «ፋይል» ነው የምላት፤ ወረቀት ካየች መተኛት ነው። ከሄደች... በቃ፣ አልጽፈውም።

ኅዳር 17

ዛሬ ስድስት ሰዓት ሆነና ምንም አልተሰማም። አንድም ደወል። ሻምበል አንዴ ጮኸ፤ መልስ ሲያጣ ግራ ገብቶት ዝም አለ። ሕንፃው ሁሉ በር እየከፈተ ደረጃ ላይ ወጣ።

ሲስተር ጠሩኝ። «እስቲ ወርደህ እየው፤ ታሞ ይሆናል» አሉኝ። አራት ዓመት ያላናገሩትን ሰው። ቶሎ በል ብለው ጀርባዬን ገፋ አደረጉኝ።

አልታመመም። ሰዓቶቹን ሁሉ አቁሞ መሐላቸው ተቀምጧል።

«የነገው ፊርማ ስንት ሰዓት ላይ ነው?» አለኝ።

ሰዓት የሚጠይቅ ሰዓት ሠሪ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ሦስት ሰዓት አልኩት።

ኅዳር 18

ከየት ልጀምር?

ሊቀመንበሩ አውቶቡስ አስመጥተው ሕንፃው ደጅ አቆሙ። ስም እየጠሩ አሳፈሩን፤ እንደዚህ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። ሁለት ጊዜ ቆጠሩን፤ ሁለቱንም ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ሆንን። ሰዓት ሠሪው የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሲስተር የመጀመሪያው ላይ። ድመቷ ፀጉር ሠሪዋ ባመጣችው ዘንቢል ውስጥ ነበረች።

መስኮት አራት። መዝጋቢዋ አሥራ ዘጠኝ ሰው ባንድ ጊዜ አይታ አልደነገጠችም። የመልቀቂያ ቅጹን አወጣችና «የእንስሳው ስም?» አለች። የመጀመሪያው ቅጽ ላይ ባዶ ነበር።

እዚህ ላይ ጉዱ ፈላ።

ሲስተር «ጥጥ» አሉ። በዚያው ቅጽበት ፀጉር ሠሪዋ «ሙሽራዬ» አለች። ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ትርፍ ነው የምላት፤ ከልክ በላይ የተጫነች ስለምትመስል» አሉ። ያኛው ሌላ፣ ይቺኛዋ ሌላ። ቆጣሪ አንባቢው ከኋላ አንገቱን አስግጎ «እኔ እንኳን በወር አንዴ ስለማገኛት አለቃዬ እላታለሁ። ቋሊማ ይዤላት ነው የምመጣው» አለ። ማንም ድመቷን አያውቃትም ነበር እኮ! ከአሥራ ዘጠኙ ሰው አሥራ ስምንቱ ስም አውጥቶላታል። እኔም «ፋይል» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ። ሊቀመንበሩ ዞረው አዩኝ።

መዝጋቢዋ እስክርቢቶዋን አስቀመጠች። «እርግጠኛ ናችሁ ስለ አንድ ድመት ነው የምታወሩት?» አለች። ስሙ ካልታወቀ ማንነቱ አልተረጋገጠም፤ ማንነቱ ያልተረጋገጠ እንስሳ ላይ ፊርማ አልቀበልም፤ ስማችሁን አስማምታችሁ ሌላ ቀን ኑ። ሌላ ቀን! የቀረው ሁለት ቀን ነው። ሲስተር ግድግዳውን ተደገፉ። ወንበር አቀረብኩላቸው፤ አልተቀመጡም።

ያኔ ሰዓት ሠሪው ሰዉን ሰንጥቆ መጣ። ከኮቱ የውስጥ ኪስ አንድ ደብተር አውጥቶ መስኮቱ ላይ አስቀመጠ። የክትባት ደብተር ነበር። በየዓመቱ አንድ፣ አራት ማኅተም።

«የእኔ ናት» አለ። «በሙሉ። ለእኔ ጻፊያትና እነዚህን ሰዎች አሰናብቺያቸው።»

ፀጉር ሠሪዋ አላስቻላትም። «ስብሰባ ላይ አላውቃትም ብለህ አልነበር?» አለችው።

«ታዲያ ምን ልበል?» አላት። «የሰው ውሻ አራት ዓመት ሙሉ ከስሼ፣ እኔም ድመት አለኝ ልበል?» ይህን ሲል ሲስተርን አላየም። መሬት መሬት ነበር የሚያየው። ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር።

መዝጋቢዋ ደብተሩን ገለጠች። «እዚህም ስም የለም» አለች።

«ስም የላትም። ነይ ስላት ትመጣለች።»

ማንም አልሳቀም። መዝጋቢዋ ትንሽ አሰበችና ስም በሚለው ቦታ ላይ «ነይ» ብላ ጻፈች።

ከዚያ አሥራ ስምንታችን ተራ በተራ ድመቷን ለቀቅን። ቆጣሪ አንባቢው ፈርሞ ዘንቢሉን ዳበሰው። ሲስተር ሲፈርሙ መዝጋቢዋ ቢጫውን ወረቀት ፊታቸው ቀደደችው። ሻምበል ቀረ። ከአንጀቴ ነው የተነፈስኩት። የመጨረሻው ፈራሚ እኔ ነበርኩ። በዕድሜዬ ስንት ሺህ ጊዜ እንደፈረምኩ እግዜር ይወቀው፤ እንደዚህች ፊርማ የከበደችኝ የለችም።

ኅዳር 19

ጠዋት ሲስተር ሻምበልን እየቆጠሩለት ሲያወርዱት እኔም ከኋላቸው ነበርኩ። «...አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት» አሉ። ሰዓት ሠሪው በሩ ላይ ቆሟል።

«አሥራ አራት ነው» አላቸው።

«መድረኩን ጨምሬ ነው የምቆጥረው» አሉት። ትንሽ ቆመው ደግሞ «ሰዓቶቹን ቀስቅሳቸው እንጂ። ይሄ ውሻ መንጋት መምሸቱ ጠፍቶበት አላስተኛኝ አለ» አሉት።

በቃ፣ ይኸው ነው። አራት ዓመት በይደር የቆየ ጉዳይ ያለ ጸሐፊ ተዘጋ።

ኅዳር 27

ሰዓት ሠሪው ሱቁ በር ላይ ማስታወቂያ ለጥፏል። «በደንቡ መሠረት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የሰው እንስሳ ማብላት ክልክል ነው። ባለቤቱ።» ፊርማ አለው፣ ቀን አለው። ነገሩ ትክክል ነው። ድመቷ ሰሌዳዋን አንጠልጥላ፣ ታስራ መስኮቱ ላይ ትቀመጣለች። ፀጉር ሠሪዋ ሳህኗን አንስታለች። ሊቀመንበሩ ሥጋ መብላት ትቻለሁ አሉኝ፤ ለጤናዬ ነው አሉ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሬን የሚቧጥጥ የለም። ወተቱ ሐሙስ ላይ ረጋ። ደፋሁት። ዓርብ እንደገና ገዛሁ... ምን ሆኛለሁ?

ታኅሣሥ 5

ዛሬ ወረድኩ። ወተቱን በሹራቤ ሸፍኜ፣ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ቆሜ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው። እዚህ ሕንፃ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬ የማንንም በር ያለ ወረቀት አንኳኩቼ አላውቅም። እጄ የወረቀት መያዣ ሰሌዳዬን ይፈልግ ነበር።

በሩን ገርበብ አድርጎ አየኝ። «ደግሞ ምን ልታስፈርመኝ ነው?» አለኝ።

«ምንም።»

«ታዲያ?»

ምን ልበለው? «ላያት ነው» አልኩት።

ሹራቤን አየ። የወተቱን ክዳን አየ። «ግባ» አለኝ። «በሩን ቶሎ ዝጋው፣ ትወጣለች።»

ገባሁ። ሊቀመንበሩ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጠዋል፤ በወረቀት የተጠቀለለ ሥጋ ጉልበታቸው ላይ። አላፈሩም። ፀጉር ሠሪዋ መሬት ላይ። ሲስተር ብቸኛዋ ወንበር ላይ፣ ሻምበል እግራቸው ሥር። ሰዓቶቹ አሥራ ሁለት መደወል ጀመሩ፣ አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ፤ ሻምበል ከሥራቸው ሆኖ ለሁሉም መለሰ። እስኪጨርሱ ዝም ብለን ጠበቅን። ከዚያ ሰዓት ሠሪው መሣሪያዎቹን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ለእኔም ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ቦታ ሠራልኝ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጥን። ብዙ ነገር ተወራ። ምን እንደተባለ አልያዝኩም።